ነጻ የሰፈር መጽሔት እንዴት ይዘጋጃል? ከበር ቆጠራ እስከ እደላ

የሰፈር መጽሔት ለመጀመር የሚነሳ ሰው አይጠፋም። የሚጠፋው ሦስተኛው እትም ነው። ገንዘብ አለቀ ይባላል፣ ጸሐፊ ጠፋ ይባላል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ነው የሚጀምረው፦ የታተመውን ማን ይዞ ወደ የትኛው በር እንደሚሄድ ሳይታወቅ ማተሚያ ቤት ይኬዳል። እኛም በጋራ መኖሪያ ቤታችን መጀመሪያ ስንሞክር 300 ቅጂ አሳትመን፣ "የፈለገ ይውሰድ" ብለን ጥበቃ ቤት አስቀመጥነው። ከወር በኋላ ከግማሽ በላዩን እዚያው እርጥበት በልቶት አገኘነው። በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉን ገለበጥን፤ ከእደላው ጀመርን። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ቅደም ተከተል ስለሆነ ደረጃ አትዝለሉ።

ልኩ ለ400 ቤት ገደማ ነው፦ 16 ገጽ፣ ኤ5 (የኤ4 ግማሽ)፣ ጥቁርና ነጭ፣ በዓመት 4 ጊዜ። ባለ ቀለም፣ ባለ 40 ገጽ መጽሔት የሚያምራችሁ ከሆነ ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

ከመነሳታችሁ በፊት አዘጋጁ

- አንድ ደብተርና እርሳስ (ለበር ቆጠራ)
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ
- የአማርኛ ዩኒኮድ ፊደል (በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ሳይዘበራረቅ የሚከፈት) ያለበት ኮምፒውተር
- 4 ሉክ ኤ4 ባዶ ወረቀት (ለናሙና እጥፋት)
- ጥራዝ ያለው ደረሰኝ

ደረጃ 1፦ በሮቹን ቁጠሩ

ስንት ቤት እንዳለ ከማኅበሩ መዝገብ አትገልብጡ። መዝገቡ ባለቤቶችን ነው የሚያውቀው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ነው። ብሎክ በብሎክ፣ ፎቅ በፎቅ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ደብተሩ ላይ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ብሎክ፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥር፣ ሰው ይኖርበታል ወይስ ባዶ ነው።

ምድር ቤት ያሉ ሱቆችን፣ ፀጉር ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን ቁጠሩ። የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችን፣ በር ላይ ጉሊት የያዙትን እናቶችም ቁጠሩ። ሰፈሩ ውስጥ ከማናችንም በላይ የሚውሉት እነሱ ናቸው።

በመጨረሻ ከአሥር አንድ ጨምሩ። 400 በር ካለ 440 ቅጂ ማለት ነው። ትርፉ ለተበላሸ፣ ለአዲስ ገቢና ለማስቀመጫ ይሆናል።

*ተጠንቀቁ፦* የነዋሪ ስም፣ ስልክ ወይም "ቀን ቀን ቤት አይገኙም" የሚል ማስታወሻ አትያዙ። እንዲህ ያለ ደብተር ቢጠፋ ለሌባ ካርታ ነው።

*ጥበቃው ከከለከላችሁ፦* አትከራከሩ። ከእድሩ ዳኛ ወይም ከቤት ባለቤቶች ማኅበር ጸሐፊ ጋር አብራችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 2፦ አዳዮችን አግኙ

ለ25 በር አንድ አዳይ ያስፈልጋል። 400 በር 16 ሰው ይፈልጋል። አዳዩ በተቻለ መጠን እዚያው ደረጃ ላይ የሚኖር ይሁን። ጎረቤቱን በስም የማያውቅ ቢሆን ምንም አይደለም፤ መጽሔቱ ያስተዋውቀዋል። ልጆች ማደል ይወዳሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ወላጅ ፈቅዶ፣ በራሳቸው ብሎክ ብቻ ይሁን።

እዚህ ላይ የማላላው ሕግ አለ። 16 ሰው ጠይቃችሁ 8 ብቻ ካገኛችሁ ለ200 በር ብቻ አሳትሙ። ለቀረው "በኋላ እናያለን" ብላችሁ 440 አታሳትሙ። የተረፈው ቁልል አዘጋጆቹን ራሳቸውን ተስፋ ያስቆርጣል፤ የእኛን የመጀመሪያ ሙከራ የገደለውም ያ ነበር።

ደረጃ 3፦ አምስት ሰውና አንድ ገጽ ስምምነት

አዘጋጅ፣ አራሚ፣ ገጽ አቀናባሪ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የእደላ ኃላፊ። አንድ ሰው ሁለት ኃላፊነት ሊይዝ ይችላል፤ ገንዘብ ያዡና አዘጋጁ ግን አንድ ሰው አይሁኑ። ከአምስቱ ቢያንስ አንዱ ተከራይ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ ከ25 ዓመት በታች።

ከዚያ አንድ ገጽ ስምምነት ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። የሚከተሉት እንደማይታተሙ ይግለጽ፦

1. የፓርቲ ፖለቲካና የምርጫ ቅስቀሳ
2. የሃይማኖት ክርክር (የበዓል እንኳን አደረሳችሁ ለሁሉም ይታተማል፤ ገናም፣ ዒድም)
3. የሁለት ጎረቤቶች የግል ጠብ፣ ስም ባይጠራም
4. ያልተጣራ ወሬ

ይህ ወረቀት ከሌለ የመጀመሪያው ከባድ ጽሑፍ ሲመጣ አዘጋጁ ብቻውን "እምቢ" ማለት ይኖርበታል፤ ቂሙም እሱ ላይ ይቀራል። ስምምነቱ ካለ የሚለው "ደንባችን አይፈቅድም" ነው።

*የሕግ ጉዳይ፦* በየጊዜው የሚወጣ ኅትመትን የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ይመለከተዋል፤ መዝጋቢው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ከማሳተማችሁ በፊት ናሙና ይዛችሁ ሂዱ፤ የእናንተ ዓይነት ነጻ የሰፈር ኅትመት ምን እንደሚጠየቅ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ንም አራሚው አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያንብበው።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ወረቀት ቁጠሩ፣ ከዚያ ዋጋ ጠይቁ

አንድ ሉክ ኤ4 መሃል ለመሃል ሲታጠፍ 4 ገጽ ኤ5 ይሰጣል። 16 ገጽ 4 ሉክ ነው። 440 ቅጂ ሲባዛ በ4፣ 1,760 ሉክ። አንድ ደስጣ 500 ሉክ ስለሆነ 4 ደስጣ ትገዛላችሁ፤ 240 ሉክ ለብልሽት ይተርፋል። ገጽ ስትጨምሩም ስትቀንሱም በ4 ይሁን፦ 12፣ 16፣ 20። "14 ገጽ ይበቃናል" ያለ ሰው ሁለት ባዶ ገጽ ይከፍላል።

የት ይታተም? ለመቶ ቅጂና ከዚያ በታች ፎቶ ኮፒ ይበቃል። ለጥቂት መቶዎች ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚያባዙበት ማባዣ ማሽን (ሪዞግራፍ) ይመቻል፤ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ፎቶው ግን ሻካራ ይሆናል። ኦፍሴት (የትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ማሽን) ፕሌት የሚባል የማተሚያ ሰሌዳ ስለሚያስፈልገው ለጥቂት ቅጂ ውድ ነው፤ ብዛት ሲጨምር ነው የሚያዋጣው።

ለሦስት ማተሚያ ቤቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ፦ "440 ቅጂ፣ ኤ5፣ 16 ገጽ፣ 80 ግራም ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ፣ ጥቁር ቀለም፣ መሃሉ ታጥፎ በሽቦ የተሰፋ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ፣ የሚያልቅበት ቀን።" ጥያቄው አንድ ካልሆነ ዋጋውን ማወዳደር አይቻልም። ጠቅላላ ዋጋውን ለ440 አካፍሉና የአንዱን ቅጂ ዋጋ እወቁ፤ እርዳታ ስትጠይቁ የምትናገሩት ቁጥር ይኸው ነው። "የ25 ጎረቤት ቅጂ ሸፍኑልን" የሚል ጥያቄ "ለመጽሔታችን አዋጡ" ከሚለው ቶሎ ይገባል።

ማስታወቂያ ከ16ቱ ገጽ ከ3 አይበልጥ፤ አንድ ድርጅት ደግሞ ከግማሽ ገጽ በላይ አይውሰድ። አንድ ትልቅ ደጋፊ ያለው መጽሔት ደጋፊው የተቀየመ ቀን ይቆማል። ልብስ ሰፊዋ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ጫማ አዳሹ ለሩብ ገጽ ቢከፍሉ ሰፈሩም ይጠቀማል። ማስታወቂያ ሁሉ "ማስታወቂያ" የሚል ቃል ከላዩ ይኑረው። የትምባሆ ማስታወቂያ በሕግ የተከለከለ ነው።

ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ቁረጡ። የሁለት እትም ወጪ በእጃችሁ ሳይገባ የመጀመሪያውን አታሳትሙ። ይህን ምክር ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ አንድ እትም አውጥተን ሰው ሲወደው ገንዘቡ ይመጣል የሚል እምነት አለ። አይመጣም፤ ቢመጣም ዘግይቶ ነው።

ደረጃ 5፦ ባዶውን መጽሔት እጠፉ

አራቱን ባዶ ሉኮች ደርባችሁ መሃል ለመሃል እጠፉ። ከ1 እስከ 16 ቁጥር ጻፉ። ስትፈቱት በላይኛው ሉክ ውጪ 16 እና 1፣ በጀርባው 2 እና 15 ጎን ለጎን ታያላችሁ። በየትኛውም ሉክ ጎን ለጎን ያሉ ገጾች ድምር 17 ነው። ይህን ቁጥር አስታውሱት፤ ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ያስፈልጋችኋል።

አሁን እያንዳንዱ ገጽ ላይ ምን እንደሚገባ በእርሳስ ጻፉ። እኛን የሠራልን አከፋፈል ይህ ነው፦

- ገጽ 1፦ ሽፋን፤ የአንድ ጎረቤት ፎቶ
- ገጽ 2፦ የአዘጋጆች ስም፣ የእትሙ ማስታወሻ
- ገጽ 3–5፦ የሽፋኑ ሰው ታሪክ
- ገጽ 6–7፦ የእድር፣ የማኅበርና የወጣቶች ዜና
- ገጽ 8–9፦ ተነቅሎ የሚለጠፍ ገጽ
- ገጽ 10–11፦ የልጆች
- ገጽ 12፦ የእጅ ሙያ (የጾም ወጥ አሠራር፣ የቧንቧ መዝጊያ እንዴት ይቀየራል)
- ገጽ 13–15፦ ማስታወቂያ፣ "ፈላጊና ተፈላጊ"
- ገጽ 16፦ የገንዘብ ሪፖርት

8 እና 9 የመሃሉ ሉክ አንድ ፊት ስለሆኑ ሳይቆራረጡ ይነቀላሉ። እዚያ የውሃ ፈረቃ ቀኖችን፣ የቆሻሻ ማንሻ ሰዓትን፣ የወረዳውን ጤና ጣቢያና አስቸኳይ ስልኮችን አድርጉ፦ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939፣ ፖሊስ 991። ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆናችሁ የከተማችሁን ቁጥሮች ተኩ። ሽንት ቤት በር ላይም ይሁን ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ዓመት የሚቆየው ይህ ገጽ ነው።

ደረጃ 6፦ ጽሑፍ ሰብስቡ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። "ጽሑፍ ያላችሁ ላኩልን" የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ሁለት ግጥምና አንድ ስለ ፍቅርና አንድነት የተጻፈ አጠቃላይ ሐተታ ይመጣል። ስለ አንድነት የሚሰብክ ጽሑፍ ጎረቤትን ከጎረቤት አያስተዋውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት እትዬ ለ30 ዓመት አዋላጅ እንደነበሩ የሚናገር አንድ ገጽ ያስተዋውቃል፤ በማግስቱ ደረጃ ላይ ሰው ቆሞ ያነጋግራቸዋል።

ስለዚህ ጻፉልን አትበሉ። እንዲህ አድርጉ፦

1. ቀጠሮ ያዙ። ቡና የሚፈላበት ሰዓት ምረጡ። ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጅ አትግቡ።
2. ፈቃድ ጠይቁ። "ድምፅዎን ልቅዳ? ሳይነበብልዎ አይታተምም" በሉ። እምቢ ካሉ በደብተር ጻፉ።
3. ትንሽ ጥያቄ ጠይቁ። "ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን" ሰውን ያፍናል። "እዚህ ቤት የገቡ ቀን ማን ነው እቃ ያገዘዎ?"፣ "ድሮ ሰፈርዎ ውሃ የሚቀዳው የት ነበር?"፣ "መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ስንት ይከፍል ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ከድሮ ሰፈራቸው ተነስተው ወደ ጀሞ፣ የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ የመጡ ሰዎች ስለ ድሮው እድራቸው ስትጠይቋቸው ሰዓቱ አይበቃም።
4. ከ20 ደቂቃ በላይ አትቅዱ። አንድ ሰዓት የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ገልባጩም ይሰላቻል።
5. በራሳቸው አነጋገር ጻፉ። የጎጃም፣ የሸዋ፣ የወሎ አማርኛቸውን አታስተካክሉ። ከ500 ቃል አታሳልፉ።
6. ሄዳችሁ አንብቡላቸው። "ይህ ይውጣ" ያሉት ይውጣ፤ የቱንም ያህል ቢያምር።

በሰፈሩ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም ጉራጊኛ ተናጋሪዎች ካሉ ቢያንስ አንድ ገጽ በቋንቋቸው ይሁን፤ የሚጽፈውም የሚያርመውም ተናጋሪው ራሱ ነው። በትርጉም አትሙሉት።

*ተጠንቀቁ፦ ሐዘን።* መጽሔቱ ለማንም መርዶ አይሁን። የሞት ዜና የሚታተመው ቤተሰቡ ሁሉ ከሰማ፣ ለቅሶው ካበቃ በኋላ፣ በቤተሰቡ ፈቃድና በመረጠው ፎቶ ብቻ ነው። ከአርባው በፊት አለመጠየቅ ይሻላል። በውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ሞት በቴሌግራም ከተላከ የመጽሔት ገጽ ቢያውቅ ማንም ሊክሰው አይችልም።

*ተጠንቀቁ፦ ልጆች።* የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይታተምም። ስም፣ የቤት ቁጥርና ትምህርት ቤት አንድ ላይ አይውጡ።

*ተጠንቀቁ፦ የእርዳታ ጥሪ።* ለታመመ ጎረቤት ገንዘብ የምታሰባስቡ ከሆነ የሚታተመው የእድሩ የባንክ ሒሳብ ይሁን፤ የግለሰብ አይሁን። የሕመሙን ስም አትጻፉ።

*ባለታሪኩ በመጨረሻ ሰዓት ሐሳቡን ከቀየረ፦* አትለምኑ። ሁልጊዜ አንድ የተዘጋጀ ተጠባባቂ ጽሑፍ ይኑራችሁ፤ ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ ለዚህ ይሆናል፤ ሁሉም የሚያውቃቸው፣ ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ ሰዎች ናቸው።

ደረጃ 7፦ እርማት

አራሚው ሦስት ጊዜ ያንብብ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ይሁን።

*የመጀመሪያው ንባብ፦ ስም።* ባለቤቱ በሚጽፈው ፊደል ጻፉ። "ኃይሉ" ወይስ "ሀይሉ"፣ "ዓለሙ" ወይስ "አለሙ"፣ "ፀሐይ" ወይስ "ጸሐይ"፤ እየደወላችሁ ጠይቁ። ማዕረጉንም ጠይቁ፦ አቶ፣ ወይዘሮ፣ ሐጂ፣ ቀሲስ፣ መምህር። ሰፈሩ "ጋሼ" እያለ የሚጠራቸው ሰው በጽሑፍ "አቶ" መባል ሊፈልጉ ይችላሉ። በደንብ የተጻፈ ታሪክ ስሙ ከተሳሳተ ባለቤቱ ጓዳ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ለማንም አያሳዩትም።

*ሁለተኛው፦ ቁጥር።* ስልክ ቁጥር ሁሉ ተደውሎ ይረጋገጥ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነሳምንቱ ስም ይጻፍ (እሑድ፣ ኅዳር 14 ዓይነት)፤ ቀኑና ዕለቱ መግጠማቸውን ከግድግዳ ካላንደር ተመልከቱ። ሰዓቱ "ከጠዋቱ 3 ሰዓት" እየተባለ ይጻፍ፤ ባዶ "3፡00" ሰው ያሳስታል።

*ሦስተኛው፦ ነጥብ።* አራት ነጥብ አንድ ፊደል ነው፤ "።"። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ "፡፡" እየመቱ የጻፉት መስመር ሲያልቅ ይለያይና ግማሹ ቀጣዩ መስመር ራስ ላይ ይቀመጣል። በ"ፈልግና ተካ" ሁሉንም በአንዴ ለውጡ።

ደረጃ 8፦ ገጽ ቅንብር

- ፊደሉ ዩኒኮድ ይሁን። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነጻ ይገኛሉ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝርክርክ ሆኖ ይከፈታል፤ ለውጡትና እንደገና አርሙት።
- መጠኑ ከ11 ነጥብ አይነስ። ገጽ 8–9 ደግሞ 14 ይሁን፤ አረጋውያን ያለ መነጽር የሚያዩት ነው።
- በኤ5 ገጽ ላይ አንድ ዓምድ ብቻ። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ጠባብ ዓምድ በሁለቱም ጎን ሲስተካከል መሃሉ ይሳሳል። ግራውን አስተካክላችሁ ቀኙን ልቀቁት።
- ኅዳጉ በዙሪያው 15 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ማባዣ ማሽን ጠርዝ ድረስ አያትምም።
- ፎቶ ገጹን በስፋቱ የሚሞላ ከሆነ 1,750 ፒክስል ገደማ ስፋት ያስፈልገዋል (148 ሚሊ ሜትር በኢንች 300 ነጥብ)። በቴሌግራም ስትቀባበሉ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ ያንሳል።
- ሰው ፎቶ ስታነሱ ጥላ ውስጥ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሩት። በጥቁርና ነጭ ማባዣ ፊት ይጠቁራል፤ ከመላኩ በፊት በደንብ አብሩት፤ ስክሪን ላይ የበራ መስሎ ሲታያችሁ ወረቀቱ ላይ ልክ ይሆናል።

ሲያልቅ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በሦስት የተለያዩ ስልኮች ክፈቱት። አንዱ ላይ ሳጥን ሳጥን ከታየ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አልገባም፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ደረጃ 9፦ ማተሚያ ቤት

"ፋይሉን ልኬያለሁ፣ አትሙት" ብላችሁ አትቅሩ። ሄዳችሁ አንድ ሙሉ ቅጂ አሳትሙ፣ እዚያው እጠፉት፣ ከደረጃ 5 ባዶ መጽሔታችሁ ጋር ገጽ በገጽ አስተያዩት። ከዚያ ፈርማችሁበት ስጡ። የተፈረመበት ናሙና ከሌለ ስህተት ሲገኝ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር አያልቅም።

*ገጾቹ ከተዘበራረቁ፦* እያንዳንዱን ሉክ ፈትታችሁ ድምሩን እዩ። 17 ካልሆነ አደራደሩ ተሳስቷል። አክሮባት ሪደር ሲያትም "ቡክሌት" የሚል ምርጫ አለው፤ ተራ ፒዲኤፍ ካላችሁ እሱ ይደረድርላችኋል።

*ጀርባው ተዘቅዝቆ ከወጣ፦* ፊትና ጀርባ ሲታተም ወረቀቱ በአጭር ጎኑ እንዲገለበጥ አድርጉ።

*መብራት ከጠፋ ወይም ማሽኑ ከተበላሸ፦* ለዚህ ነው በፕሮግራማችሁ ውስጥ 5 ባዶ ቀን የሚቀመጠው። በዓል ዋዜማ ላይ ለማሳተም አትሞክሩ፤ ማተሚያ ቤቶች በፖስትካርድና በካላንደር ተጨናንቀዋል።

ደረጃ 10፦ እጥፋትና ስፌት

ማተሚያ ቤቱ ከሰፋላችሁ ይህን እለፉት። ርካሽ የሚሆነው ግን ሉኩን ብቻ አሳትሞ በእጅ መስፋት ነው፤ ደግሞም ከሁሉ የሚያምረው ቀን ይህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ዘርጉ፦ አንዱ ደርዳሪ፣ አንዱ አጣፊ፣ አንዱ ሰፊ። ቡና ይፈላ፤ ግን ከወረቀቱ ራቅ ብሎ።

እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ጫኑት። ተራ ስቴፕለር መሃሉን አይደርስም፤ ረጅም ክንድ ያለው ከሌላችሁ ስቴፕለሩን ከፍታችሁ፣ ከሥር ወፍራም ስፖንጅ አድርጋችሁ ከውጭ በኩል ምቱት፤ ከዚያ የወጣውን ሽቦ በሳንቲም እጠፉት። ሁለት ቦታ ይበቃል። በመጨረሻ በ25 በ25 አስራችሁ የብሎኩንና የአዳዩን ስም ከላይ ጻፉ።

ደረጃ 11፦ እደላ

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከሰዓት ይሁን፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ዓርብ ቀትር ጁምዓ ነው። በክረምት በር ሥር አታስገቡ፤ ኮሪደሩ ይረጥባል።

አዳዩ እንዲህ ያድርግ፦

1. ያንኳኳ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይራቅ።
2. "እንደምን ዋላችሁ፤ እኔ እዚሁ ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የሰፈራችን መጽሔት ነው፤ በነጻ ነው" ይበል። "በነጻ" የሚለው ቃል ቀድሞ ካልመጣ ብዙ በር ይዘጋል፤ መዋጮ ጠያቂ በዝቷል።
3. በሁለት እጁ ያቀብል።
4. አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ "በሚቀጥለው ማን ቢጻፍ ይወዳሉ?" መልሱን በካርድ ይጻፍ።
5. ግቡ ከተባለ ይግባ። 25 በር በአንድ ከሰዓት ካላለቀ ነገ አለ።

ቤቱ ያልተገኘ ሰው ሁለት ጊዜ ይታይ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ለጎረቤት ይሰጥለት። ለጎረቤት መስጠት በራሱ ጥሩ ነው፤ ሁለቱን አንኳኩተው እንዲገናኙ ያደርጋል።

*"አልፈልግም" ከተባለ፦* አመስግኖ ይለፍ፤ በሚቀጥለው እትም ደግሞ ያንኳኳ። እኛ ጋ ሁለት ጊዜ የመለሱን ሰው በሦስተኛው የልጃቸውን ሥዕል ይዘው መጥተዋል።

*ለቅሶ ያለበት ቤት ከሆነ፦* መጽሔቱን ይዞ አይግባ። እጅ ነስቶ ተቀምጦ ይውጣ፤ ቅጂው በሌላ ሳምንት ይደርሳል።

ማንበብ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን ወጣቶች የሽፋኑን ታሪክ አንብበው ይቅዱና በቴሌግራም ይላኩ፤ ስልክ ከሌላቸው አዳዩ ተቀምጦ ያንብብላቸው። ሙሉውን ፒዲኤፍ ግን እደላው ከማለቁ በፊት በቴሌግራም አትልቀቁ። ስልኩ ላይ ያየው ሰው በሩን ለመክፈት ምክንያት ያጣል።

ደረጃ 12፦ በሳምንቱ

ካርዶቹን ሰብስቡ። ስማቸው በብዛት የተጠራው ሰው የሚቀጥለው ሽፋን ነው።

ስህተት ከተገኘ አዘጋጁ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ነገሩ ከባድ ከሆነ አንድ ሽማግሌ ይዞ። ማረሚያው በሚቀጥለው እትም ስህተቱ በወጣበት ገጽ ላይ ይታተም፤ ስህተቱ ራሱ ግን አይደገም፤ ትክክለኛው ብቻ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን በ7 ቀን ውስጥ ይዝጋ። ገጽ 16 ላይ የሚወጣው እስከ ሳንቲሙ ነው።

የቀጣዩን የጊዜ ሰሌዳ ከእደላው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ 42 ቀን ሲቀር ቃለ ምልልስ፣ 28 ቀን ሲቀር ጽሑፍ ይዘጋል፣ 21 ቀን ሲቀር እርማት ያልቃል፣ 14 ቀን ሲቀር ናሙና ይፈረማል፣ ከዚያ ኅትመት፣ 5 ባዶ ቀን፣ ስፌት። የእደላ ወራቱ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ሰኔ ቢሆኑ ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከፋሲካ ጾምና ከክረምት መግቢያ ጋር ይገናኛሉ። የዒድ ቀኖች በየዓመቱ ስለሚቀድሙ በየዓመቱ እንደ አዲስ እዩ።

ከተረፉት ቅጂዎች አንዱ በእድሩ ሳጥን፣ አንዱ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ወመዘክርም (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ቅጂ አስገቡ። የቀሩት ጥበቃ ቤት አይከማቹ፤ የእደላ ኃላፊው ቤት ይሁኑ። የጭነት መኪና ግቢ ገብቶ እቃ ሲወርድ በታየ ቁጥር የዚያ ደረጃ አዳይ አንድ ቅጂ ይዞ ይውጣ፤ መጀመሪያ ሶፋውን ያጋግዝ፣ ከዚያ መጽሔቱን ይስጥ።